ኮፊሊንን በቤተ ሙከራ ስንጠቀም ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኮፊሊን 1 ከሰው የተገኘ፣ 166 አሚኖ አሲዶች ያሉት ትንሽ ፕሮቲን ሲሆን፣ የአክቲንን (የሴልን ቅርጽ የሚደግፈውን ፕሮቲን) ክሮች እየያዘ ይቆራርጣል። ለምርምር የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ በኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ውስጥ ተመርቶ የተጣራው ነው። እዚህ ደሴ ድረስ የምናስመጣው በብዙ ደጅ ጥናት ነው፤ የሚበላሽበት መንገድ ግን ሁልጊዜ ያው ነው።

ይኸውም ብልቃጡን እንዳለ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጦ፣ ሙከራ በተሠራ ቁጥር እያቀለጡ ጥቂት ማይክሮሊትር መቅዳትና መልሶ ማቀዝቀዝ ነው። ውሃው በረዶ ሲሆን ጨውና ፕሮቲኑ ገና ባልረጋው ፈሳሽ ውስጥ ይጨናነቃሉ፤ ባፈሩ (የአሲድነቱን መጠን የሚጠብቀው ፈሳሽ) ሶዲየም ፎስፌት ከሆነ ፒኤቹም (የአሲድነት መለኪያው) ይወርዳል፤ ፕሮቲኑ ቅርጹን ስቶ እርስ በርሱ ይጣበቃል። «ጄሉ ላይ እኮ ንጹሕ ነው» የሚለኝ ተማሪ አይጠፋም። ፕሮቲኖችን በመጠናቸው በምንለይበት ጄል የምንጠቀመው ኤስዲኤስ የተባለ ሳሙና መሰል ኬሚካል ደህናውንም የተበላሸውንም ፕሮቲን እኩል ስለሚዘረጋው፣ ጄል ስለ መጠንና ስለ ንጽሕና እንጂ ስለ ሥራው አይመሰክርም። ስለዚህ ፕሮቲኑ በደረሰበት ቀን በ10 ወይም በ20 ማይክሮሊትር ይከፋፈል፤ አንዴ የቀለጠውም ወደ ፍሪዘር አይመለስ። መብራት ሄድ መጣ ስለሚል ደግሞ፣ ውሃ በረዶ የሆነበት ኩባያ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጣችሁ ፍሪዘሩ ውስጥ ተዉት። አንድ ሰኞ ጠዋት የእኛ ፍሪዘር ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ እያሳየ፣ ሳንቲሙ ግን ከኩባያው ግርጌ በረዶ ውስጥ ተቀብሮ ተገኘ፤ ሁሉም ነገር በእረፍት ቀናት ቀልጦ እንደገና ረግቶ ነበር።

ሁለተኛው ስህተት ከዚሁ ይወለዳል፤ እርሱም አክቲን የሌለበት ማነጻጸሪያ ናሙና አለመሥራት ነው። ኮፊሊን የአክቲንን ክር መያዙን ለማየት ሁለቱን ቀላቅለን በ100,000 ጂ (ከመሬት ስበት 100,000 እጥፍ በሆነ ኃይል) ስናሽከረክር፣ ክሩን የያዘው ፕሮቲን አብሮ ይዘቅጣል። አንድ ተማሪ «መምህር፣ ሠራ!» እያለ ጄሉን ይዞልኝ መጣ፤ አክቲን ያልገባበት ናሙና የታለ ብዬ ስጠይቀው ለካ አልሠራውም። በማግስቱ ሲሠራው ኮፊሊኑ እርስ በርሱ ተጣብቆ ስለነበር ብቻውንም ዘቀጠ። ፕሮቲኑ ከመቀላቀሉ በፊት ለብቻው ተሽከርክሮ የጠራው ክፍል ብቻ ይወሰድ፤ አክቲን ያልገባበትን ናሙና ያልያዘ ጄል እኔ አልመለከትም።

ሁለቱን ፕሮቲኖች በማይክሮግራም አስተካክሎ እኩል አደረግሁ ማለትም ስህተት ነው፤ አክቲን 42፣ ኮፊሊን 18.5 ኪሎዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ገደማ ስለሆኑ፣ ለአንድ አክቲን ከሁለት በላይ ኮፊሊን ገባ ማለት ነው።

ፒኤችን አለመጻፍም እንዲሁ ስህተት ነው። ኮፊሊን በ6.8 አካባቢ ክሩን ይዞ ይቆያል፣ ወደ 8 ሲጠጋ ግን ክሩን ይበልጥ ስለሚያፈርስ፣ ዝቃጩ ስላነሰ ብቻ አልያዘም ብሎ መደምደም አይቻልም።

ፕሮቲን በቮርቴክስ (ቱቦን በኃይል በሚያናውጥ መሣሪያ) አይናጥም። ለጄል ናሙና የምታፈሉ ደግሞ፣ ውሃ ደሴ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ 95 ዲግሪ የሚለውን መመሪያ በፈላ ውሃ አትደርሱበትምና ጥቂት ደቂቃ ጨምሩበት።