የቀይ የደም ሕዋስን ቅርጽ በሆሎግራም ማይክሮስኮፕ እንዴት መለካት ይቻላል?

ጤናማ ቀይ የደም ሕዋስ መሃሉ ጎድጎድ ያለ ክብ ነው። ወርዱ 8 ማይክሮሜትር ገደማ ሲሆን ጠርዙ ወደ 2.5፣ መሃሉ ደግሞ ወደ 1 ማይክሮሜትር ይወፍራል። በተለመደው ማይክሮስኮፕ ወርዱን እናያለን፤ ውፍረቱን በቁጥር ማግኘት ግን ይከብዳል። ለወባ ምርመራ ስላይድ ላይ የሚደርቀው ደምም የሕዋሱን የቀድሞ ቅርጽ አይጠብቅልንም። ሆሎግራም፣ ማለትም ሁለት የሌዘር ጨረሮች ሲገናኙ የሚፈጠረው የመስመሮች ምስል፣ ግን ቀለም ያልነካውን ሕያው ሕዋስ እንዳለ ይለካል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚፈልገው ናሙናው ነው። ጓንት ያድርጉ፤ እንዳይረጋ መድኃኒት ባለበት ቱቦ ከተቀዳ ትኩስ ደም 2 ማይክሮሊትር ወስደው ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) 7.4 በሆነ 1 ሚሊሊትር የጨው ውሃ ይበጥብጡ። የጨው መጠኑ ከደም ጋር እኩል ይሁን፤ በንጹህ ውሃ ሕዋሱ ይፈነዳል፣ ጨው ሲበዛም ይኮማተራል። 1 ሚሊግራም አልቡሚን የተባለ ፕሮቲን መጨመርዎን አይርሱ። ያለ እሱ ሕዋሱ ከስላይዱ መስታወት አጠገብ ሲቆይ እንደ ጃርት ዙሪያውን እሾህ ያወጣል፤ መስታወቱ ያመጣውን ለውጥ በሽታ ነው ብሎ መመዝገብ ትልቅ ስህተት ነው።

ቀጥሎ የሌዘሩን ጨረር ለሁለት ይክፈሉት። አንዱ በናሙናው ውስጥ ይለፍ፣ ሌላው በባዶ መንገድ ይሂድ፤ ካሜራው ላይ በትንሽ ማዕዘን ሲገናኙ ቀጫጭን መስመሮች ይታያሉ። መስመሮቹ ሕዋሱ ጋ ሲደርሱ፣ የማሳ ትልም ድንጋይ ሲያጋጥመው እንደሚጠማዘዝ፣ ጠመም ይላሉ። ውፍረቱ የተጻፈው እዚያ ጥምዝ ላይ ነው። ሕዋስ የሌለበትን ቦታም አንድ ጊዜ ፎቶ ያንሱ።

ኮምፒውተሩ በፉሪየር ስሌት (ምስሉን ወደ ተደጋጋሚ ሞገዶች በሚተነትን ስሌት) ሦስት ብሩህ ነጥቦች ያወጣል። ከዳር ካሉት አንዱን ብቻ አስቀርተው ወደ መሃል ያምጡት፣ ስሌቱን ወደ ኋላ ይመልሱ፣ ከዚያም የባዶውን ቦታ ምስል ይቀንሱ። የሚቀረው ብርሃኑ በሕዋሱ ውስጥ ምን ያህል እንደዘገየ የሚያሳይ ካርታ ነው።

ውፍረቱን ለማግኘት መዘግየቱን በራዲያን (በማዕዘን መለኪያ) ወስደው በሌዘሩ የሞገድ ርዝመት ያባዙ፤ ከዚያም ለ2π እና ለሕዋሱና ለፈሳሹ ብርሃን የመስበር መጠን ልዩነት ብዜት ያካፍሉ። በ633 ናኖሜትር ሌዘር፣ ልዩነቱ 0.06 ሲሆን 1.5 ራዲያን ማለት 2.5 ማይክሮሜትር ነው። ልዩነቱ በሄሞግሎቢን መጠን ስለሚወሰን፣ በደም ማነስ የተጎዳ ሕዋስ ከእውነተኛ ውፍረቱ ቀጥኖ ሊታይ ይችላል።

የእያንዳንዱን ነጥብ ውፍረት በስፋቱ አባዝተው ሲደምሩ ይዘቱ ይገኛል፤ በጤናማ አዋቂ በአማካይ ከ80 እስከ 100 ፌምቶሊትር (ኪዩቢክ ማይክሮሜትር) ነው። ቢያንስ መቶ ሕዋስ ለክተው አማካዩን የዚያው ሰው የደም ቆጠራ ውጤት ላይ ካለው ኤምሲቪ (የቀይ ሕዋስ አማካይ ይዘት) ጋር ያስተያዩ። በጣም ከተራራቁ መሣሪያውን ከመንካትዎ በፊት ናሙናውን እንደገና ያዘጋጁ።