የልጆች መጽሐፍ ደራሲ መሆን ከፈለጋችሁ ብቻችሁን አትልፉ፦ ከጓደኛ ጋር ተደጋግፎ እንዴት ይሰራል

ለልጆች መጻፍ ቀላል የሚመስላቸው ብዙ ሰዎች አሉ፣ ያው አጭር ስለሆነ ነው፣ ግን እኮ የሚያከብደውም እሱ አጭርነቱ ነው። በ400 ቃል ውስጥ ገጸ ባህሪ አለ፣ ችግር አለ፣ መጨረሻ አለ፣ ደሞ ልጁ "እንደገና! እንደገና!" እያለ ሲያስነብብ አዋቂውም እንዳይሰለቸው መሆን አለበት። በዚህ ስራ ለአመታት የቆዩ ሰዎችን ሳይ የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር አለ፣ ጽሁፋቸውን ገና ጥሬ እያለ የሚያነብላቸው ሰው አላቸው፣ እምቢ ሲባሉም የሚደውሉለት ሰው አላቸው። ችሎታ እየተሰራ ይመጣል፣ ብቻውን የሚታገል ሰው ግን ብዙ ጊዜ ችሎታው ሳይመጣ ነው የሚተወው። ስለዚ ከዚህ በታች ያለውን በቅደም ተከተል ሞክሩት።

1. ለስንት አመት ልጅ እንደምትጽፉ ወስኑ

"ለልጆች ነው የምጽፈው" ካላችሁ ገና አልወሰናችሁም ማለት ነው፣ የ2 አመት ልጅና የ11 አመት ልጅ አንድ መጽሐፍ አያነቡም። በእንግሊዝኛው የመጽሐፍ ገበያ የተለመደው ልክ እንዲህ ነው፦ ገጹ ወፍራም ካርቶን የሆነው የህጻናት መጽሐፍ ከ100 ቃል በታች፣ የስዕል መጽሐፍ ከ600 ቃል በታች፣ ራሳቸውን ችለው ማንበብ ለጀመሩ ልጆች በምዕራፍ የተከፋፈለው ከ5,000 እስከ 15,000፣ ከ8 እስከ 12 አመት ላሉት ልቦለድ ከ25,000 እስከ 50,000 ቃል ገደማ። በአማርኛ ስትጽፉ ግን ቁጥሩን ቀነስ አድርጉት፣ እኛ በአንድ ቃል ብዙ ነገር ስለምንጭን በእንግሊዝኛ 400 ቃል የሚፈጀው ታሪክ በአማርኛ ከዛ ባነሰ ያልቃል። ሌላው ደሞ ልጆች ከራሳቸው አንድ ሁለት አመት ከፍ ስላለ ልጅ ማንበብ ይወዳሉ፣ ለ8 አመት ልጅ የምትጽፉ ከሆነ ዋናው ገጸ ባህሪ 9 ወይ 10 አመት ቢሆን ያስኬዳል።

2. ወረቀት አጥፉ

ይሄ ለስዕል መጽሐፍ ነው፣ ልቦለድ የምትጽፉ ዝለሉት። 8 ነጭ ወረቀት ውሰዱና ደርባችሁ መሀሉ ላይ እጠፉት፣ 32 ገጽ ያለው ደብተር ይወጣላችኋል። የስዕል መጽሐፍ በብዛት 32 ገጽ የሚሆነው ማተሚያ ቤቱ ትልቅ ወረቀት ላይ አትሞ አጥፎ ስለሚቆርጠው ገጹ በ8 ወይ በ16 እየተባዛ ስለሚመጣ ነው። ከዛ ላይ የርዕሱና የቅጂ መብቱ ገጾች ሲቀነሱ ለታሪኩ የሚተርፈው ከ12 እስከ 14 የሚሆን ግራና ቀኝ የተዘረጋ ገጽ ነው። ጽሁፋችሁን ፕሪንት አድርጉ፣ በመቀስ ቆራርጡት፣ በየገጹ ለጥፉት። ኮምፒውተር ላይ ያማረው ነገር እዚህ ጋ ጉዱ ይወጣል፣ ሶስት ገጽ ሙሉ ሁለት ሰዎች ቆመው የሚያወሩበት ቦታ ታገኛላችሁ፣ ወይ ደሞ የሚያስደነግጠው ነገር ገጽ ሲገለጥ መምጣት ሲገባው መሀል ገጽ ላይ ተቀብሮ ታዩታላችሁ። ቀጥሎ ወደምትመሰርቱት የጸሐፊዎች ግሩፕ ይዛችሁ የምትሄዱት ይሄን የታጠፈውን ነው።

3. ሰዎቹን ፈልጉ

ከ4 እስከ 6 ሰው ይበቃል። ከዛ ካነሰ አንድ ሰው ሲቀር ስብሰባው ይፈርሳል፣ ከዛ ከበዛ ተራ አይደርሳችሁም። የልጆች መጽሐፍ የሚጽፉ ሰዎችን የምታገኙት የጽሁፍ ስልጠና ላይ፣ ላይብረሪ የሚያዘጋጃቸው ፕሮግራሞች ላይ፣ የደራሲያን ማህበር ውስጥ ነው። ኤስ ሲ ቢ ደብልዩ አይ የሚባለው አለም አቀፍ የልጆች ደራሲዎችና ሰዓሊዎች ማህበር ራሱ በ1971 ሎስ አንጀለስ ውስጥ በጥቂት ጸሐፊዎች የተጀመረ ነው፣ ዛሬ በብዙ አገሮች ቅርንጫፍ አለው፣ አባላቱም በየአካባቢያቸው እንዲህ አይነት ትንንሽ ግሩፕ ይመሰርታሉ።

ሰው ስትመርጡ ዝናውን አትዩ። ሶስት ነገር እዩ፦ የልጆች መጽሐፍ ያነባል ወይ (የማያነብ ሰው ይሄ ለልጅ ይከብዳል፣ ይሄ አይከብድም የሚለውን በግምት ነው የሚነግራችሁ)፣ ራሱ እየጻፈ ነው ወይ፣ ያለውን ቀን ያከብራል ወይ። ቢቻል ሁላችሁም ለተቀራረበ እድሜ የምትጽፉ ሁኑ፣ አንድ ሰዓሊ ቢገባ ደሞ ትልቅ እድል ነው። ቤተሰብ ግን አታስገቡ። እናታችሁ "በጣም ያምራል የኔ ልጅ" ነው የምትላችሁ፣ ደስ ይላል፣ ግን ድራፍቱን አያስተካክለውም።

በ1930ዎቹና 40ዎቹ ኦክስፎርድ ውስጥ ኢንክሊንግስ የሚባል የጓደኛሞች ስብስብ ነበር፣ ቶልኪንና ሲ ኤስ ሉዊስ ነበሩበት፣ ሁለቱም ለልጆች የጻፉ ናቸው። ሐሙስ ማታ ሉዊስ ክፍል እየተሰበሰቡ ያላለቀ ጽሁፋቸውን ድምጽ አውጥተው ያነቡ ነበር። ቶልኪን በኋላ ላይ ሉዊስ "ቀጥል፣ ከዛስ?" እያለ ባይወተውተው ትልቁን ስራውን እንደማይጨርሰው መስክሯል። ከጓደኛ የምትፈልጉት ዋናው ነገር ይሄ ይመስለኛል፣ የሚቀጥለውን ገጽ የሚጠብቅ ሰው።

4. ስብሰባው እንዴት እንደሚሄድ ከመጀመሪያው ተስማሙ

እዚህ ጋ ረጋ ብለን እናውራ፣ ምክንያቱም ብዙ ግሩፕ የሚበተነው እዚህ ነው። በሁለት ሳምንት አንዴ፣ የታወቀ ቀን፣ የታወቀ ሰዓት፣ በአካል ካልተቻለ በዙም። ጽሁፉ ከሁለት ሶስት ቀን በፊት በቴሌግራም ወይ በኢሜይል ይላክ። በአንድ ስብሰባ የሁለት ወይ የሶስት ሰው ስራ ይታይ፣ ለእያንዳንዱ 30 ደቂቃ፣ ሰዓት የሚይዝ ሰው ይኑር፣ አለበለዚያ አንደኛው ሁለት ሰዓት ይወስድና የመጨረሻው ሰው ሁሌ ተርፎ ይቀራል።

ጽሁፉን ደራሲው አያንብበው፣ ሌላ ሰው ያንብበው። ይሄን አጥብቄ ነው የምናገረው። ራሳችሁ ስታነቡ የጎደለውን በድምጻችሁ ትሞሉታላችሁ፣ ሌላ ሰው ሲያነብ ግን የሚደናቀፍበት ቦታ ይደናቀፋል፣ ትንፋሽ የሚያጥረው ቦታ ያጥረዋል፣ ቀልዱ ካልሰራ ዝም ይላል። እናንተ እርሳስ ይዛችሁ ምላሱ የታሰረበትን ቦታ ብቻ ምልክት አድርጉ። ነገ የአንድ ልጅ አባት የሚደናቀፈውም እዛው ጋ ነው።

ከዛ አስተያየት ሲጀመር ደራሲው ዝም ይበል። "እሱን ያልኩት እኮ..." ብሎ ማብራራት የለም፣ መጽሐፉ ሲታተም አጠገቡ ቆማችሁ አታብራሩለትም። መጀመሪያ እያንዳንዱ ሰው ልቡን የያዘውን ነገር ይናገር፣ ቀጥሎ ግራ የገባውን ወይ የሰለቸውን ቦታ፣ መጨረሻ ላይ ጥያቄ። "እንዲህ ብለህ ጻፈው" ማለት ግን ክልክል ይሁን።

ምን ማለቴ እንደሆነ በምሳሌ ላሳይ። አንዷ አባል እንዲህ የሚል ገጽ አመጣች እንበል፦ "ሚሚ በጣም አፈረች። የፊት ጥርሷ ስለወለቀ ጓደኞቿ የሚስቁባት መሰላት።" ስህተት የለውም፣ ይነበባል፣ ግን የሚነበብለት ሰው "ከዛስ" አይልም። መጥፎ አስተያየት "ይሄ ትንሽ ደረቅ ነው" የሚለው ነው፣ ሴትየዋ ምን ታድርገው? ጥሩው አስተያየት "ሰዓሊው እዚህ ገጽ ላይ ምን ይስላል?" የሚለው ጥያቄ ነው። እሷም ቤቷ ሄዳ ታስባለች፣ በሚቀጥለው እንዲህ ይዛ ትመጣለች፦ "ሚሚ አፏን ግጥም አድርጋ ዘጋች። 'ደህና አደርሽ ሚሚ?' አሏት አስተማሪዋ። 'ምምም ምምምም' አለች ሚሚ።" አሁን አፈረች የሚል ቃል የትም የለም፣ ማፈሯ ግን ፊታችን ላይ ነው፣ ሰዓሊው የተነፋ ጉንጭ ይስላል፣ የሚያነበው አዋቂ አፉን ዘግቶ ምምም ይላል፣ ልጁም አብሮ ይላል። ማንም አልጻፈላትም፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የተጠየቀችው።

5. ፊድባኩን ይዛችሁ ቤት ስትገቡ

በዛው ማታ ምንም አትንኩ፣ ሁለት ሶስት ቀን ይደር። ሁለት ወይ ሶስት ሰው አንድ ቦታ ላይ ጣቱን ከጠቆመ እዛ ቦታ ላይ በርግጥ ችግር አለ፣ መፍትሄ ብለው የነገሯችሁ ግን ልክ ላይሆን ይችላል፣ አንዳንዴ መጨረሻው አልጣመንም ሲሏችሁ የተበላሸው መጀመሪያው ነው። አንድ ሰው ብቻ ያለውን ደሞ መዝግቡት፣ ልባችሁ ካልተቀበለው እለፉት።

6. በልጆች ላይ ሞክሩት፣ ግን በራሳችሁ ልጆች አይሁን

የራሳችሁ ልጆች ይወዷችኋል፣ ስለዚ ጽሁፉንም ይወዱታል። ተቀያየሩ፣ የእናንተን ጽሁፍ ሌላው አባል ለሚያውቃቸው ልጆች ያንብብ፣ እናንተም የሱን። ልጆቹን "ወደዳችሁት?" ብላችሁ አትጠይቁ፣ አዎ ነው የሚሉት። አይናቸው ከገጹ ላይ የተነሳበትን ቦታ፣ መቁነጥነጥ የጀመሩበትን ቦታ፣ ቀድመው የገመቱበትን ቦታ መዝግቡ። በማግስቱ ታሪኩን እንዲነግሯችሁ ማድረግ ደሞ ሌላ ነው፣ የዘለሉት ገጽ ካለ እሱ ገጽ ላያስፈልግ ይችላል።

7. አብራችሁ ላኩ

ብዙ ጽሁፍ ያለቀለት ሆኖ ኮምፒውተር ውስጥ የሚቀረው ጸሐፊው ብቻውን ሴንድ የሚለውን መጫን ስለሚፈራ ነው። አንድ ቀን ቀጠሮ ያዙና ሁላችሁም በአንድ ላይ ላኩ። አንድ የጋራ ሰንጠረዥ ይኑራችሁ፣ ማን ምን ላከ፣ ለማን፣ መቼ፣ ምን መልስ መጣ። አንድ አሳታሚ የስዕል መጽሐፍ መቀበል አቁሞ ከሆነ ሁላችሁም በአንዴ ታውቃላችሁ ማለት ነው።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ የስዕል መጽሐፍ ስትልኩ ሰዓሊ ፈልጋችሁ ከኪሳችሁ ማሳል አይጠበቅባችሁም፣ በተለመደው አሰራር ሰዓሊውን የሚመርጠው አሳታሚው ነው። ሁለተኛ የእያንዳንዱን አሳታሚ መመሪያ አንብቡ፣ ለስዕል መጽሐፍ ብዙ ጊዜ ሙሉውን ጽሁፍ ይፈልጋሉ፣ ለልቦለድ የመግቢያ ደብዳቤና የመጀመሪያ ምዕራፎችን። መልስ ወራት ሊወስድ ይችላል፣ ጭራሽ ላይመጣም ይችላል። ያ ጊዜ ነው የሚጎዳው፣ ለዛ ነው እምቢታ የደረሰው ሰው በዛው ቀን ለግሩፑ ይንገር የምለው፣ ደብቆ ሲይዘው ነው መጻፍ የሚያቆመው። እንግሊዛዊቷ የልጆች ደራሲ ቢትሪክስ ፖተር አሳታሚዎች አልቀበልም ሲሏት የመጀመሪያ መጽሐፏን በ1901 በራሷ ገንዘብ 250 ኮፒ አሳትማ ነበር፣ በሚቀጥለው አመት እምቢ ካሏት አሳታሚዎች አንዱ ተመልሶ አሳተመላት።

8. ገንዘብና ኮንትራት

ትክክለኛ አሳታሚ ለናንተ ይከፍላል፣ እናንተን አያስከፍልም። "ጽሁፍሽን ወደነዋል፣ ለህትመት ይሄን ያህል ክፈይ" የሚል ኢሜይል ከመጣ መጀመሪያ ግሩፑ ይየው። ከፍላችሁ ራሳችሁ ማሳተም መብታችሁ ነው፣ ነውርም የለውም፣ ግን መብቱን ለሌላ ሰጥታችሁ ወጪውን እናንተ መቻል የለባችሁም። ኤጀንት (ጽሁፋችሁን ወስዶ ለአሳታሚ የሚያቀርብላችሁ ሰው) ባለበት ገበያ ኤጀንት የሚያገኘው ከገቢያችሁ ላይ ነው፣ 15 በመቶ የተለመደ ነው፣ ለማንበብ ብቻ ብር የሚጠይቅ ከሆነ ተዉት። ሮያሊቲ፣ ማለትም ከመጽሐፉ ሽያጭ የሚደርሳችሁ ድርሻ፣ ለስዕል መጽሐፍ ለደራሲውና ለሰዓሊው ይካፈላል፣ በቅድሚያ የሚሰጣችሁ ገንዘብ ካለም ከዛው ሮያሊቲ ላይ እየተቆረጠ የሚሞላ ነው።

ኮንትራት ላይ የምታዩት፦ የቅጂ መብቱ በማን ስም ይቀራል፣ የትርጉም፣ የድምጽና የፊልም መብት ተሰጥቷል ወይ፣ መጽሐፉ ከገበያ ሲጠፋ መብቱ እንዴት ይመለሳል። ከናንተ በፊት የፈረመ አባል ካለ ያየውን ይንገራችሁ፣ ከዛ የህግ ባለሙያ። ከተፈረመ በኋላም የስዕል መጽሐፍ እስኪወጣ ሁለት አመትና ከዛ በላይ ሊፈጅ ይችላል፣ ስለዚ መተዳደሪያ ስራችሁን ቶሎ አትልቀቁ፣ ብዙ የልጆች ደራሲዎች ኑሯቸውን የሚደጉሙት ትምህርት ቤት እየሄዱ በማንበብ፣ በማስተማር፣ በትርጉምና ለመጽሔት በመጻፍ ነው።

9. አንዱ ሲሳካለት

አንዱ ይቀድማል፣ እሱ አይቀርም። ደስ ብሏችሁም ሆድ ሊብሳችሁ ይችላል፣ ሁለቱም አንድ ላይ ይመጣል፣ ለሌላ አባል ለብቻው ብትነግሩት ይቀላል። የተሳካለት ሰው ደሞ ግሩፑን አይተው፣ ኤዲተሩ የላከለትን የማስተካከያ ደብዳቤ ይዞ ይምጣና አብራችሁ እዩት፣ ኤዲተር ምን እንደሚያይ ከዛ የበለጠ የሚያስተምር ነገር አላገኘሁም። መጽሐፉ ሲወጣ ግዙለት፣ ላይብረሪዎች እንዲያስገቡት ጠይቁለት፣ አንብባችሁ እውነተኛ አስተያየት ጻፉለት። በሚቀጥለው ስብሰባ ግን እሱም እንደማንም ሰው አዲስ ገጽ ይዞ ተራውን ይጠብቅ፣ ሌላ ሰው ያንብብለት፣ እሱም ዝም ብሎ ያዳምጥ።