ስለ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ስናወራ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ላይ ማታ ብርዱ ሲበረታ ቤተሰቡ ከሰል ዙሪያ ይሰበሰባል። ቡናው ቶና ሳይደርስ ወሬው ሳይንስ ላይ ይወድቃል። የእህቴ ልጅ ቲክቶክ ላይ ያየውን ይተርካል። አክስቴ በቴሌግራም የደረሳትን ታስነብባለች። ጎረቤታችን ጋሼ ደግሞ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ዓለምን ሊያጠፋ ነው ይላሉ። ይህን ወሬ ከልቤ እወደዋለሁ። ሳይንስ የባለ ዲግሪ ብቻ አይደለም፤ ስለሚነካን ነገር ሁላችንም ሐሳብ መስጠት እንችላለን። ግን ደጋግመን የምንሠራቸው ስህተቶች አሉ። አንዳንዶቹ ጨዋታ ከማበላሸት አልፈው ሰው ይጎዳሉ። አንድ በአንድ ላንሳቸው።

ቀንና ሰዓት የተቆረጠለትን ትንበያ ማመን

በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ደጋግማ ስትናወጥ ንዝረቱ እኛም ዘንድ ይሰማ ነበር። አንድ ምሽት ታዲያ «ዛሬ ሌሊት 9 ሰዓት ከባዱ ይመጣል» የሚል መልእክት ከስልክ ስልክ ዞረ። ቤተሰቡ በሙሉ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ግቢ ውስጥ አደረ። የታኅሣሥን የደብረ ብርሃን ውርጭ የቀመሰ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ምንም ሳይመጣ ነጋ። አክስቴ ግን ሳል ይዟት ሳምንት ሙሉ ተኛች።

መፍራታችን ስህተት አልነበረም። ስህተቱ ሰዓቱን ማመናችን ነው። የመሬት መንቀጥቀጥን በቀንና በሰዓት ቆርጦ መናገር የሚችል ሳይንቲስት ዛሬም በዓለም ላይ የለም። ባለሙያዎች የሚናገሩት የትኛው አካባቢ ለአደጋ እንደሚጋለጥ ነው፤ በረጅም ዓመታት ውስጥ ምን ያህል ሊያጋጥም እንደሚችልም ይገምታሉ። ሰዓት የተጻፈበት ማስጠንቀቂያ ከመጣ፣ ሐሰት መሆኑን የሚነግረን ያው ሰዓቱ ነው።

ያኔ ሌላም ነገር እሰማ ነበር። «እንዲህ ያለ ነገር በአገራችን ታይቶ አይታወቅም፤ አንድ የተደበቀ ነገር አለ» ይባል ነበር። ታይቷል እኮ! ያውም እዚሁ ሰሜን ሸዋ። በ1953 ዓ.ም. ካራ ቆሬ አካባቢ በተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴ ፈርሳ ነበር፤ ካራ ቆሬም ክፉኛ ተጎድታለች። የምንኖረው ስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ ነው። ሸለቆው ደግሞ በየዓመቱ በጥቂት ሚሊሜትር እየሰፋ ነው። ምስጢር ከመፈለግ በፊት የአካባቢውን ሽማግሌዎች መጠየቅ ይቀድማል።

የመሬት መንቀጥቀጥ የሚለካበት ቁጥርም ያሳስተናል። 4 እና 5 ሲባል በአንድ ብቻ የሚበላለጡ ይመስለናል። ነገር ግን ከ4 ወደ 5 ሲወጣ የሚለቀቀው ኃይል 32 ጊዜ ገደማ ይበልጣል። ከ4 ወደ 6 ከሆነ ልዩነቱ ወደ 1000 ጊዜ ይጠጋል። ስለዚህ «4.5 ችለን የለ፣ 6 ቢመጣ ምን ይለናል» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ዝም አልልም። ከራስጌ የተደረደረውን ከባድ ዕቃ ዛሬውኑ ማውረድ ውጭ ከማደር ይሻላል።

ሌላ ቦታ የተለካን ቁጥር እንዳለ መውሰድ

ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብለን ተምረናል። ባሕር ጠለል ላይ እውነት ነው። ደብረ ብርሃን ግን 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ስስ ነው፤ ውኃውን ከላይ የሚጫነው ግፊት ይቀንሳል። ስለዚህ ውኃው 90 ወይም 91 ዲግሪ ላይ ይንተከተካል። ከዚያ ወዲያ ከሰል ብንጨምር ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ ከፍ አይልም። ሸዋ ሮቢት ወርዳችሁ ብትለኩ ግን 96 ገደማ ታገኛላችሁ።

እናቴ ዩቲዩብ ላይ የአንዲት ሴት አሠራር አይታ ሽምብራ ጣደች። በተባለው ደቂቃ አልበሰለም። «ያረጀ ሽምብራ ነው የሸጠልኝ» ብላ በነጋታው ነጋዴውን ወቀሰችው። ሰውየው ምንም አላጠፋም። ቪዲዮው የተቀረጸው ቆላ ውስጥ ወይም ባሕር ዳርቻ ላይ ባለ ከተማ ሊሆን ይችላል። እኛ ዘንድ ንፍሮ ጊዜ ይፈልጋል፤ ካልሆነ ግፊቱን አምቆ ሙቀቱን ከፍ የሚያደርግ ፕሬዠር ኩከር መጠቀም ነው። ለመጠጥ የምናፈላው ውኃም እንዲሁ ነው። ከ2000 ሜትር በላይ ለሚኖር ሰው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ያህል እሳት ላይ እንዲቆይ ይመከራል። ስለ ቁጥር ስንከራከር «የት ተለክቶ?» ማለትን ብንለምድ ብዙ ጠብ ይቀርልናል።

ቃሉ አንድ ስለሆነ ነገሩም አንድ ነው ማለት

«ጨረር» የሚለውን ቃል እንመልከት። የአምፖሉም ብርሃን ጨረር ነው፤ የስልኩም ሞገድ ጨረር ይባላል፤ የራጅ ማሽኑም ጨረር ያወጣል። ስሙ አንድ ስለሆነ ፍርሃቱም አንድ ሆኗል። ጉልበታቸው ግን በጣም ይለያያል። ራጅና ከፀሐይ የሚመጣው አልትራቫዮሌት የሰውነታችንን ዘረመል የመጉዳት አቅም አላቸው። የስልክና የዋይፋይ ሞገድ ይህ አቅም የለውም።

«ዋይፋይ የማይክሮዌቭ ምድጃ ሞገድ ነው፤ አንጎል ይጠብሳል» ሲባልም ሰምቻለሁ። ግማሹ እውነት ነው፤ ሁለቱም 2.4 ጊጋኸርዝ በሚባለው የሞገድ ድግግሞሽ አካባቢ ይሠራሉ። ምድጃው ግን 1000 ዋት ገደማ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ይለቃል። የዋይፋይ ሣጥን የሚለቀው የአንድ ዋት አንድ አሥረኛ ያህል ነው፤ እሱም በየአቅጣጫው ይበተናል።

እኔን የሚቆጨኝ፣ በዋይፋይ ስንጨቃጨቅ እውነተኛውን ጨረር መርሳታችን ነው። «ብርድ ነው፤ የምን ፀሐይ!» እንላለን። ብርድ ግን አልትራቫዮሌትን አያስቆምም። እንዲያውም ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የገብስ ማሳ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚውለው ገበሬ፣ መንዝ ላይ በግ የሚጠብቀው ልጅ፣ ይህ ሁሉ ዓይናቸው ላይ ያርፋል። የዓይን ሞራ ከሚያስከትሉት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። ሰፊ ባርኔጣ ቀላል መፍትሔ ነው።

ርዕስ አንብቦ «ጥናት ነው» ማለት

መንዝ ጓሳ ላይ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ አብረው ሲዞሩ የሚያሳይ ቪዲዮ ደርሷችሁ ይሆናል። ከሥሩ «ጓደኛሞች ሆኑ» ወይም «ጭላዳ ቀበሮ አላመደ» ይላል። ከጀርባው እውነተኛ ጥናት አለ። ተመራማሪዎች እዚያው ጓሳ ተቀምጠው ቀበሮው አይጥ ሲያድን ቆጠሩ። በጭላዳ መንጋ መሃል ሲሆን 67 በመቶ ያህል ይሳካለታል። ብቻውን ሲሆን 25 በመቶ ያህል ብቻ። ይህ በራሱ ድንቅ ነው! «ማላመድ» ግን ሌላ ነገር ነው፤ ቆጠራው ያንን አያሳይም።

እዚህ ላይ አንድ የምኮራበት ነገር ልጨምር። የውጭ ቪዲዮዎች ጭላዳን ዝንጀሮ ይሉታል። አማርኛ ግን ከጥንት ጀምሮ ሁለቱን በሁለት ስም ለይቷል። ሳይንቲስቶችም በተለያየ ወገን ነው የሚመድቧቸው። ጭላዳ የሚኖረው በኢትዮጵያ ብቻ ነው፤ ምግቡም በአብዛኛው ሣር ነው። የመንዝ እረኛ ይህን ከካሜራው በፊት ያውቀዋል።

የተጣመመ ነገር በሌላም በኩል ይመጣል። «ሳይንስ ሰው ከጭላዳ መጣ ይላል» ብሎ የሚቆጣ ሰው አለ። ሳይንስ እንደዚያ አይልም፤ የሚለው ሩቅ በሆነ ዘመን የጋራ ቅድመ አያት ነበረን ነው። መቀበልም አለመቀበልም የራስ ነው። ግን የምንከራከረው በትክክል ከተባለው ጋር ይሁን።

«ሊሆን ይችላል»ን «ነው» ማድረግ

የከተማችንን ስም ታሪክ ሁላችንም እናውቃለን። በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ከሰማይ ብርሃን ታየ፤ ቦታውም ደብረ ብርሃን ተባለ። አንዳንድ ጸሐፊዎች ብርሃኑን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1456 ከታየችው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር ያገናኙታል። ኮከቧ በዚያ ዓመት መታየቷ የተረጋገጠ ነው። ብርሃኑ እሷ ነበረች የሚለው ግን ግምት ነው። ወሬው እኛ ጋ ሲደርስ «ሳይንስ አረጋግጧል» ይሆናል። የሚያምነውም የሚቃወመውም በአንዲት በተጣለች «ምናልባት» ምክንያት ይጣላል።

ኤአይን እንደ ምስክር መቁጠር

ይህ አዲስ ነው። «ኤአይ ነግሮኛል» ማለት ማስረጃ ሆኗል። እነዚህ ፕሮግራሞች ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመቱ ነው የሚጽፉት። የተማሩበት የአማርኛ ጽሑፍ ደግሞ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር በጣም ጥቂት ነው። አንድ ጊዜ ስለ መንዝ ጠይቄ፣ የሌለ ወንዝ ስም አውጥቶ በልበ ሙሉነት ነገረኝ። ለሐሳብ ማፍለቂያ ይጠቅማል። የሚያውቅ ሰው መጠየቅን ግን አይተካም።

ስናርም ማዋረድ

ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ ይኼኛው ነው። አክስቴ የምታነበውን መልእክት የእህቴ ልጅ «ፌክ ነው!» ብሎ ይስቅባት ነበር። ማንበቧን አቆመች። ማመኗን ግን አላቆመችም፤ ለብቻዋ ታምናለች፣ ለጓደኞቿም ትልካለች። የተዋረደ ሰው ሐሳቡን ይደብቃል እንጂ አይለውጥም። ከዚያ ወዲህ አብሬያት ማንበብ ጀመርኩ።

ባለፈው «ናሳ እንዳስታወቀው ዛሬ ማታ ከ12፡30 እስከ 3፡30 አደገኛ የጠፈር ጨረር ምድርን ያቋርጣል፤ ስልክዎን ያጥፉ» የሚል ደረሳት። ዓመታት ያስቆጠረ፣ በብዙ ቋንቋ የዞረ መልእክት ነው። የጠፈር ጨረር ሁልጊዜም ምድርን ይመታል፤ አብዛኛውን ከባቢ አየሩ ያስቀርልናል፤ ስልክ ማጥፋትም አይመልሰውም። ይህን ላስረዳት ስዘጋጅ መነጽሯን አስተካክላ ቀደመችኝ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ 12፡30 የሚለው በኛ ነው በፈረንጅ?»

የእህቴ ልጅም አያውቅም፤ እኔም አላውቅም። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና በረካውን ቀዳች።