ልጆች መረጃ ሰጪ ጽሑፍን አንብበው እንዲረዱ እንዴት እናስተምር?

ወሎ ውስጥ ብዙ ልጅ አንደኛ ክፍል ሲገባ ቄስ ትምህርት ቤት ወይም መድረሳ ቆየት ብሎ ነው። ጮክ ብሎ ማንበብና በቃል መያዝ ለምዷል፤ ይህ ትልቅ ስንቅ ነው። ስለ እንስሳ፣ ስለ አፈር ወይም ስለ ጤና የተጻፈ ነገር ሲሰጡት ግን ሳይደናቀፍ ያነበንብና «ምን ይላል?» ሲባል ዝም ይላል። የሚከተለው አካሄድ ከሁለተኛ እስከ አራተኛ ክፍል ላሉ ልጆች የሚሆን ነው። ለአንድ ጽሑፍ ሁለት ቀን፣ በቀን 20 ደቂቃ ይበቃል።

ጽሑፉን ማዘጋጀት

ልጁ የሚያውቀውን ነገር ምረጡ። ከ5 እስከ 6 ዐረፍተ ነገር፣ እያንዳንዱም ከ8 ቃል ያልበለጠ ይሁን። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ ዐረፍተ ነገሩ ከረዘመ ልጁ ግሡ ጋ ሲደርስ መነሻውን ይረሳዋል። ለምሳሌ ስለ ጭላዳ ዝንጀሮ፦

*ጭላዳ የሚኖረው በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ነው። ዋና ምግቡ ሣር ነው። ሣሩን በጣቶቹ እየነጨ ይበላል። ቀን ሜዳ ላይ ይውላል። ሲመሽ ግን ገደል ላይ ያድራል። ምክንያቱም እዚያ ጅብና ነብር በቀላሉ አይደርሱበትም።*

ይህ ለቦረና ሳይንት ወይም ለአቡነ ዮሴፍ አካባቢ ልጅ የቅርቡ ነው። ለቆቦ ልጅ ስለ ማሽላ፣ ለባቲ ልጅ ስለ ግመል ጻፉለት። ልጁ ከሦስት ቃል በላይ ከተደናቀፈ ጽሑፉ ከብዶታል፤ አቅልሉት።

ከማንበብ በፊት

«ስለ ጭላዳ ምን ታውቃላችሁ?» ብላችሁ መልሱን ሁሉ ሰሌዳ ላይ ጻፉ። አንዱ «ሥጋ ይበላል» ቢል አታርሙት፤ በኋላ ጽሑፉ ያርመዋል። እናንተ ቀድማችሁ ካረማችሁ ልጁ እውቀትን ከመምህሩ እንጂ ከገጹ መፈለግ አይለምድም።

ማንበብ

መጀመሪያ እናንተ አንብቡላቸው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም፦ «ጭላዳ ሣር ይበላል» እና «ጤፍ ይበላል» ላይ ግሡ አንድ ዓይነት ተጽፎ በተለያየ ድምፅ ይነበባል። ትክክለኛውን ንባብ የሚነግረው ዐረፍተ ነገሩ ስለሆነ፣ ግራ ሲገባቸው እስከ አራት ነጥቡ ሄደው እንደገና እንዲጀምሩ አስለምዷቸው። ከዚያ እያንዳንዱ ለብቻው ያንብብ። በኅብረት ሲነበብ ማን እንዳላነበበ አይታወቅም።

ጥያቄው

ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አውሉ። «ጭላዳ ምን ይበላል?» ለሚለው መልሱ ገጹ ላይ አለ። «ለምን ገደል ላይ ያድራል?» የሚለው ግን ሁለት ዐረፍተ ነገሮችን ማገናኘት ይጠይቃል፤ «ምክንያቱም» የሚለውን ቃል ያስምሩበት። «ቆላ ወርደን ብንፈልግ ጭላዳ እናገኛለን?» ሲባሉ ደግሞ መልሱን ራሳቸው ማውጣት አለባቸው።

ከእያንዳንዱ መልስ በኋላ «በምን አወቅሽ?» በሏት፤ ጣቷን ዐረፍተ ነገሩ ላይ ታሳርፍ። ከሰፈር ወሬ የመለሰውንና ከጽሑፉ የመለሰውን ልጅ የሚለየው ይህ ብቻ ነው። ትክክል ሲመልሱም ጠይቁ፤ ሲሳሳቱ ብቻ ከጠየቃችሁ ጥያቄው ቁጣ ይመስላቸዋል።

አንድ ጊዜ ደግሞ «ጭላዳ ስንት ዓመት ይኖራል?» ብላችሁ ጠይቁ። «ጽሑፉ አይናገርም» ያለ ልጅ በደንብ አንብቧል፤ አመስግኑት። አብዛኞቹ ግን መምህር ሲጠይቅ መልስ መጥፋት የለበትም ብለው ይገምታሉ። የሚያመነታውን «አብሽር፣ ገጹን እየው» በሉት።

ቤቱ አፋን ኦሮሞ ወይም አፋርኛ የሚናገር ልጅ መጀመሪያ በቋንቋው ያስረዳ። የጎደለው የአማርኛ ቃል እንጂ መረዳት ላይሆን ይችላል።

በሁለተኛው ቀን

ጽሑፉን ሸፍኑ። ሜዳውንና ገደሉን ሥለው የቀንና የማታ ቦታውን ይጻፉበት፤ ከዚያ ጽሑፉን ገልጠው የትናንቱን ዝርዝር ያርሙ። ቃል በቃል የሚደግም ልጅ ካለ ሸምድዶታል፤ ለታናሽ ወንድሙ እንደሚነግር ሆኖ በራሱ አነጋገር ያውራው።

እንዲህ ዓይነት ጥቂት ጽሑፎችን ከተወጡ ወደ መመሪያ ተሻገሩ። ተቅማጥ ለያዘው ሰው በውሃ ተበጥብጦ የሚሰጠው የኦአርኤስ ዱቄት አዘገጃጀት ጥሩ ነው፦ አንድ ፓኬት፣ የውሃው መጠን፣ የአሠራሩ ቅደም ተከተል። ቅደም ተከተሉን በቁራጭ ወረቀቶች ጽፋችሁ ቀላቅሉና ልጆቹ ያስተካክሉት፤ የውሃውንም መጠን ከጽሑፉ ፈልገው በባዶ ጠርሙስ ለክተው ያሳዩ።