ናክልሄድ ሃርሊ ስትገዙ እንዳትሸወዱ

የአሜሪካው ሃርሊ ዴቪድሰን እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1947 የሠራውን ናክልሄድ የተባለ ሞተር ሳይክል ዛሬ ሰብሳቢዎች ይሻሙበታል። የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ክዳን የተጨበጠ እጅ አንጓ ስለሚመስል ነው እንዲህ የተባለው። ፋብሪካው ቫልቮላዎቹን ከላይ አድርጎ ለመንገድ የሠራው የመጀመሪያው ትልቅ ባለ ሁለት ሲሊንደር ይህ ነው። ዘይቱም እንደ ቀድሞዎቹ እየተቃጠለ አያልቅም፤ ዞሮ ይመለሳል። በ1937 ተወዳዳሪው ጆ ፔትራሊ አሜሪካ ውስጥ ዴይቶና የባሕር ዳርቻ ላይ በዚሁ ሞተር በሰዓት 136 ማይል፣ ማለትም 219 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቶ ሪከርድ ሰበረ። ዋጋው እንዲህ ሲንር ሿሿውም ይበዛል።

የመጀመሪያው ስህተት የሻንሲ ቁጥር መፈለግ ነው። እኛ አገር ሊብሬ ላይ የሞተርም የሻንሲም ቁጥር ስለሚሰፍር እጃችን ቀድሞ የሚሄደው ወደ ሻንሲው ነው። ከ1970 በፊት የተሠራ ሃርሊ ግን መለያ ቁጥሩ ሞተሩ ላይ ብቻ ነው። በግራ በኩል ባዛሜንቶው (የሞተሩ የታችኛው ቤት) ላይ ከፍ ያለች ጠፍጣፋ ቦታ አለች። ዓመቱ፣ የሞዴሉ ፊደልና ተራ ቁጥሩ እዚያች ላይ ይመታሉ። 47 ብሎ ኤፍኤል ካስከተለ የ1947 ባለ 1200 ሲሲ ነው ማለት ነው። አሜሪካ የምትገዙ ከሆነ ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) ላይ ያለው ቁጥር ከዚህ ጋር አንድ በአንድ መግጠም አለበት። ሻንሲው ላይ ቁጥር ብታገኙም ፋብሪካው የመታው አይደለም።

ቁጥሩ ገጠመ ብሎ ገንዘብ መቁጠር ደግሞ የባሰ ነው። ቁጥር ተፍቆ እንደገና ይመታል። ቦታዋ ከዙሪያዋ ዝቅ ካለች ወይም ሞረድ የነካት ከመሰለች ተጠራጠሩ። ከዚያ ባትሪና ትንሽ መስታወት ይዛችሁ ከሥር እዩ። ባዛሜንቶው ሁለት ግማሽ ነው፤ ፋብሪካው ሁለቱን አንድ ላይ ስለሚያስተካክላቸው ሆዳቸው ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር መትቶባቸዋል። ይህ ቁጥር ከላይኛው መለያ ጋር አይመሳሰልም፣ እንዲመሳሰልም አትጠብቁ። ሁለቱ ግማሾች ግን እርስ በርስ ካልገጠሙ አንዱ ከሌላ ሞተር የመጣ ነው። ዋጋው ላይ መደራደር ካለባችሁ እዚህ ላይ ነው። ሻጩ ከሥር እንድታዩ ካልፈቀደ ሂዱ፣ ተዉት።

ዛሬ ሻንሲው፣ ሳልባትዮው (የነዳጅ ታንከሩ) እና ፓራፋንጎው (የጭቃ መከላከያው) ብቻ ሳይሆን ባዛሜንቶው ራሱ በአዲስ ይሠራል። ከእነዚህ የተገጣጠመ ሞተር ሳይክል ለመንዳት ምንም አይልም። በኦሪጅናል ዋጋ ሲሸጥ ነው ችግሩ።

ገዝታችሁ ስታበቁ የሚመጣው ትልቁ ስህተት ቀለም ማስቀባት ነው። እኔን የሚያናድደኝም ይሄ ነው። የፋብሪካው ቀለም ደብዝዞ፣ ጉልበት የሚነካው ቦታ ተልጦ ብረቱ ይታያል። አዲስ ሰብሳቢ ይህን እንደ ጉድለት ያይና አስፍቆ ያስቀባዋል፤ ብሎኑን ሁሉ ክሮም ያስነክራል። ፋብሪካው እኮ ብሎኖቹን ክሮም አልነከራቸውም! የኦሪጅናል ቀለም ደግሞ አንዴ ከተፋቀ ተፋቀ ነው። ዛገ ብላችሁ ከሰጋችሁ አጽዱት፣ ዘይት ቀባ አድርጉት፣ እዚያው ላይ አቁሙ።

«የመጀመሪያው ዓመት ይሻላል» የሚል አባባልም አለ። ለስብስብ ከሆነ እውነት ነው፣ የ1936ቱ በጣም ይፈለጋል። ለመንዳት ግን አይመከርም፤ የላይኛው ክፍል ሙሉ በሙሉ ስላልተሸፈነ ዘይት ያንጠባጥባል። ፋብሪካው ይህን ያስተካከለው በ1938 ነው።

ሳትለማመዱ መንገድ አትውጡ። ማርሹ በእጅ ነው፣ ሳልባትዮው ጎን ላይ። ፍሪሲዮኑ በግራ እግር ነው። ቀኝ እጀታ ነዳጅ ይሰጣል፣ የግራው ግን የካንዴላውን የእሳት ሰዓት ነው የሚያስቀድመውና የሚያዘገየው። እሱን ሳታዘገዩ በእግር ለማስነሳት ከመታችሁ መልሶ ይመታችኋል።

ናክልሄድ ከአቅም በላይ ሲሆን ብዙ ሰው ወደ ደብሊውኤልኤ ይዞራል፤ ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተሠራው ባለ 750 ሲሲ። እዚህ ደግሞ ወጥመዱ ተገላቢጦሽ ነው። ከ1942 ጀምሮ የወጡት የጦርነቱ ምርቶች ቁጥራቸው በሙሉ በ42 ይጀምራል፣ በ1944 የተሠራውም ጭምር። ስለዚህ ሻጩ የ1944 ነው ብሎ ቁጥሩ 42 ቢል አልዋሸም። ቁጥሩ 44 ብሎ ከጀመረ ግን ዋጋ እንኳ አትጠይቁ።