ከኋላ ረድፍ ለተቀመጠ አዲስ የምክር ቤት አባል

እንኳን ደስ ያለህ። ሃያ ዓመት ጠመኔ ጨብጬ፣ ከዚያ አንድ የምርጫ ዘመን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ወንበር ላይ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ፤ አስተማሪህም ስለነበርኩ አንተ ማለቴን አትቀየመኝ።

አራት ኪሎ የገባ ሁሉ የሚመኘው ጠቅላይ ሚኒስትሩ በተገኙበት፣ ካሜራ በበዛበት ቀን ዕድል አግኝቶ መናገር ነው። ተናገር፤ እናትህም ደስ ይበላት። አዋጅ የሚቃናው ግን ረቂቁ ለቋሚ ኮሚቴ ከተመራ በኋላ፣ ካሜራው በሌለበት የስብሰባ ክፍል ውስጥ ነው። ከውሳኔ ሐሳብ ጋር ተመልሶ ሲቀርብ የሚቀርህ እጅ ማውጣት ነው።

ስለዚህ ረቂቁ እጅህ በገባበት ምሽት ከመጨረሻው ገጽ ጀምረህ አንብብ። መግቢያው ላይ ክፉ ሐሳብ የጻፈ ሰው አይቼ አላውቅም። ነገሩ ያለው ከታች፣ ስለ ቅጣት፣ ስለ መሸጋገሪያ ጊዜና ደንብ፣ ማለትም የሚኒስትሮች ምክር ቤት ከአዋጁ በኋላ የሚያወጣውን ዝርዝር ሕግ፣ ስለማውጣት ሥልጣን በሚናገሩት አንቀጾች ላይ ነው። ቀይ እስክሪብቶ ይዘህ "ይችላል" የሚለውን ሁሉ አስምርበት። "ቁጥጥር ሊያደርግ ይችላል" የተባለ መሥሪያ ቤት አለማድረግም ይችላል፤ "ያደርጋል" በሚለው እንዲተካ ጠይቅ። "ዝርዝሩ በደንብ ይወሰናል" የሚል ስታገኝ ደግሞ "በስንት ወር?" በል። ቀን ያልተቆረጠለት ደንብ ሲጠበቅ አዋጁ በነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ መደርደሪያ ያሞቃል።

ልኬት ያለው ቃል ምን እንደሚመስል ለማየት የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011ን ግለጥ። ለሕዝብ ክፍት ከሆነ ቤት በርና መስኮት በ10 ሜትር ውስጥ ማጨስን ይከለክላል፤ ትምባሆ ለመግዛት 21 ዓመት ይጠይቃል። "በአቅራቢያው" ቢል ኖሮ ጠበቆች ይከራከሩበት ነበር፤ 10 ሜትርን ግን ማንም በሜትር ይለካዋል።

አሁን ስለ መስክ ምልከታ፤ እዚህ ላይ ያፈርኩበት ነገር አለ። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ወረዳ ሄደን አዲስ የውኃ ቦኖ አሳዩን። ግንቡ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል፣ ሰንደቅ ዓላማው ይውለበለባል፣ ምሳው ቀርቧል። "አበረታች ሥራ ነው" ከሚል ሪፖርት ሥር ፈረምኩ። ወደ መኪናው ስንመለስ አንዲት እናት ጄሪካን በጀርባቸው አዝለው ከታች ከወንዙ ሲወጡ አገኘኋቸው። "እማዬ፣ ቦኖው አጠገብዎ አይደል?" አልኳቸው። "ልጄ፣ ከፍተኸዋል?" አሉኝ። ተመልሼ ከፈትኩት፤ ነፋስ ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቧንቧ ሳልከፍት፣ የመድኃኒት መጋዘን ሳልገባ፣ የትምህርት ቤት መጸዳጃ በር ሳልገፋ ፈርሜ አላውቅም። አንተም አስተናጋጆችህ ከመረጡልህ መንገድ ቢያንስ አንድ ጊዜ ወጣ በል። ያየኸውን ከነቀኑና ከነቀበሌው ደብተርህ ላይ አስፍር፤ መሥሪያ ቤቱ የስድስት ወር ሪፖርቱን ሲያመጣ "ተጠናቅቆ ለአገልግሎት በቅቷል" ከሚለው መስመር ጋር አስተያየው።

ጥያቄህም አንድ ይሁን። ሦስት ከጠየቅክ የሚመለስልህ ቀላሉ ነው። "የውኃ ችግር መቼ ይፈታል?" ካልክ ሰፊ ንግግር ትሰማለህ፤ "በሪፖርታችሁ ገጽ ይህን ያህል ላይ ይሠራል የተባለው ቦኖ በዚህ ቀን ደረቅ ነበር፣ ክፍያው ተፈጽሟል ወይ?" ካልክ ግን ክፍሉ ጸጥ ይላል። የዋና ኦዲተሩን ሪፖርት አትናቀው፤ "ያልተወራረደ ሂሳብ" የምትለው ሐረግ፣ ወጪ ሆኖ በማስረጃ ያልተዘጋ ገንዘብ ማለት ናት፣ አሰልቺ ብትመስልም ከማንኛውም ቁጣ የበለጠ ታስደነግጣለች። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 55 ባለሥልጣንን ጠርተህ እንድትጠይቅ፣ በአንቀጽ 54 ደግሞ በምክር ቤቱ በሰጠኸው አስተያየት እንዳትከሰስ ይላል። እነዚህን ሁለት አንቀጾች በቃልህ ያዝ።

አንድ ጉዳይ ለዓመታት ልትገፋ ካሰብክ ብቻህን አትጀግን። የማሻሻያ ሐሳብህን በአንድ ገጽ ጽፈህ መጀመሪያ ለኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ቀጥሎ የገዢውን ፓርቲ አባላት ለሚያስተባብረው የመንግሥት ተጠሪ አሳይ፤ በአደባባይ የተደነገጠ ሰው እሺ አይልም። ሐሳብህን ሰብሳቢው የራሱ አድርጎ ቢያቀርበው ዝም በል። እኔ አንድ ጊዜ "የእኔ ነበር" ብዬ ወዳጅም ማሻሻያም አጥቻለሁ። በሕዝብ አስተያየት መድረክ ላይ የሚገኙት አብዛኛውን ጊዜ ደመወዝ የሚከፈላቸው የሕግ ባለሙያዎች ናቸው፤ ሕጉ የሚነካቸውን ሰዎች አንተ ራስህ ደውለህ ጥራ።

የጊዜ ሰሌዳውንም አትርሳ። ጉባኤው ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ነው፤ በሰኔ በጀት ሁሉን ስለሚያጨናንቅ ጉዳይህን ከጥር በፊት አስጀምር። በመሃል ባለው የአንድ ወር እረፍት መራጮችህ ዘንድ ስትሄድ የመሥሪያ ቤቱን መልስ በጽሑፍ ይዘህ ሂድ፤ መልሱ "አይሆንም" ቢልም አንብብላቸው። ያቺ እናት አሁንም በሕይወት ካሉ ቦኖውን ከፍተው ያሳዩሃል።