የልጆች ጥርስ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

«የወተት ጥርስ አይደል፣ ይወድቃል» እያልን ስንቱን ልጅ አሳመምን! የወተት መንጋጋዎች እኮ እስከ 10 እና 12 ዓመት ድረስ ይቆያሉ። ያለጊዜያቸው ከተነቀሉ አጠገባቸው ያሉት ጥርሶች ቦታውን ይሻሙና ቋሚው ጥርስ ተጣሞ ሊወጣ ይችላል።

ድዱ ጥግ ላይ ነጭ መስመር አለ

የልጁን የላይኛ ከንፈር ቀስ ብለው ገልበጥ ያድርጉና ብርሃን ላይ ይዩ። ድዱን ተከትሎ የሚሄድ፣ ጠመኔ የመሰለ፣ የማያብረቀርቅ መስመር ካለና በብሩሽ ካልለቀቀ የምግብ ትርፍራፊ አይደለም። ጥርሱ መበላሸት ጀምሯል።

ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የሌሊት ጡጦ ነው። ልጅ ሲተኛ ምራቁ ይቀንሳል፤ ወተቱ ወይም ጁሱ ጥርሱ ላይ ያድራል። ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ አሲድ ይቀይሩታል፣ አሲዱ ደግሞ የጥርሱን ማዕድን ያሟሟል። የታችኞቹን የፊት ጥርሶች ምላስ ስለሚከልላቸው ቀድመው የሚጎዱት የላይኞቹ ናቸው።

እዚህ ደረጃ ላይ ገና ስላልተቦረቦረ ሊቆም፣ ሊመለስም ይችላል። ወተቱን ጠጥቶ ይጨርስ፣ ከዚያ ይቦረሽ፣ ከዚያ በኋላ ውሃ ብቻ። ለጥቂት ሌሊት ለቅሶ ይኖራል፤ ይቻሉት። የጥርስ ሐኪም ደግሞ ፍሎራይድ (ጥርስን የሚያጠነክር ማዕድን) ይቀባለታል። መስመሩ ቡናማ ከሆነ ወይም ቀዳዳ ከታየ ግን ቤት ውስጥ አይጠገንም።

ብሩሽ ሲያይ ይጮኻል

እልኸኛ ስለሆነ ላይሆን ይችላል። በላይኛው ከንፈርና በድዱ መሃል ያለችውን ቀጭን ሥጋ ብሩሹ ሲነካት ታማለች። ጭንቅላቱን ጭንዎ ላይ አስተኝተው ያችን ሥጋ በጣትዎ እየሸፈኑ ይቦርሹ። የጥርስ ሳሙናው አቃጥሎትም ይሆናል፤ ለስለስ ያለ ጣዕም ይሞክሩ። መጠኑ እስከ 3 ዓመት የሩዝ ፍሬ፣ ከዚያ እስከ 6 ዓመት የአተር ፍሬ ያክላል። ማስታወቂያ ላይ ብሩሹን ሙሉ የሚለጠፈውን ይርሱት። አረፋውን ይትፋ እንጂ በውሃ አይጉመጥመጥ፤ የሳሙናው ፍሎራይድ ጥርሱ ላይ ይቆይ።

«ራሴ!» ቢልም ይጀምር፣ እርስዎ ይጨርሱለት። እስከ 7 ወይም 8 ዓመቱ እጁ በደንብ አይታዘዝለትም።

ሲቦረሽ ድዱ ይደማል

ብዙ ወላጅ ደንግጦ መቦረሽ ያቆማል። ያባብሰዋል። የሚያደማው ብዙውን ጊዜ ድዱ ላይ የተጋገረው ቆሻሻ ነው። ለስላሳ ብሩሽ ይዘው ይቀጥሉ፤ በሁለት ሳምንት ካልተሻለው ሐኪም ይየው።

በቀን ሁለቴ ይቦረሻል፣ ግን ይቦረቦራል

ከረሜላው ስንት ነው ከማለት ይልቅ በቀን ስንት ጊዜ ይበላል ብለው ይጠይቁ። አንድ ነገር በጎረሰ ቁጥር አሲዱ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆያል። ቀኑን ሙሉ እየቆነጠረ የሚበላ ልጅ ጥርስ የማገገሚያ ጊዜ የለውም። ጣፋጭ ነገር ከምግብ ጋር አንዴ ይሰጠው። መድኃኒት በሽሮፕ መልክ ከወሰደም አፉን በውሃ ያስጠቡት። የኋላ መንጋጋዎቹ ተጠጋግተው ከቆሙ መሃላቸውን በጥርስ ክር ያጽዱ፤ ብሩሽ እዚያ አይገባም።

ከወተት ጥርሱ ኋላ ሌላ ጥርስ በቅሏል

6 ዓመት አካባቢ የተለመደ ነው። የፊተኛው ከተነቃነቀ ይጠብቁት፤ ጠንክሮ ከቆመ ያስመርምሩት።

ፊቱ አብጧል

በተለይ ትኩሳት ካለው ወይም መዋጥ ካቃተው ቀጠሮ አይጠብቁ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ይውሰዱት። ማስታገሻ ሕመሙን እንጂ ኢንፌክሽኑን አያጠፋም።